የደም ማነስና በንጥረ ነገር የበለጸገ ምግብ

በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የሚያነሣው ከማናችንም ጎጆ ስለማይጠፉት ስለ ዱቄት፣ ስለ ዘይትና ስለ ጨው ነው። ርእሱ ቀላል ይመስላል። እኛም መምህራኑ ቀላል መስሎን ነበር፤ አንዲት ተማሪያችን እስክታስተምረን ድረስ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

እንደሚታወቀው በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአውሮፓ 2018 ማለት ነው፣ በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኬንያ ገባ። ከፊሉ ሶማሬ፣ ከፊሉ ደምበላ ፈጫናና ሶሎሎ ተጠለለ። እኛ ከሶሎሎዎቹ ነን። ለአካባቢው ሰው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ማየት አዲስ አልነበረም፤ በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅም በዚሁ በኩል ብዙ ሰው ገብቶ ዋልዳ በተባለው ካምፕ ከርሟል። እኛም ከግራር ሥር ሸራ ወጥረን፣ ልጆቹን በድንጋይ ላይ አስቀምጠን ማስተማር ጀመርን።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ግን ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት አመጣች። ጓደኞቿ ሲሯሯጡ እሷ ቁጭ ብላ ታያለች፤ ስትጠየቅ ዘግይታ ትመልሳለች። እኛ ምን አደረግን? «ሰነፍሽ» አልናት። አንድ ቀን ሲብስብን ለቅጣት ከፀሐይ ላይ አቆምናት። ብዙም ሳትቆይ ወደቀች። ይህን የምንጽፈው ደስ ብሎን አይደለም።

ወደ ሕክምና ስንወስዳት ሐኪሙ የታችኛውን የዐይን ቆቧን ገልበጥ አድርጎ አየ። ውስጡ ቀይ መሆን ሲገባው ነጣ ብሏል። መዳፏም እንዲሁ። ከጣቷ ጠብታ ደም ወስዶ ሲለካ ሰባት ሆነ። ለእሷ ዕድሜ ከ12 ግራም በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። እናቷ አብራን ነበረችና «ጋሼ፣ ልጄ ምን ጎደለባት? ጠዋትም ማታም ቂጣና ሻይ ትበላለች፤ ሆዷን ጾም አድራ አታውቅም» አለች። እውነቷን ነው። ልጅቱ ሆዷ አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላ ነው።

የደም ማነስ ማለት በሰውነታችን ያለው ደም በሊትር አነሰ ማለት አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን የተባለው ቀይ ነገር አነሰ ማለት ነው። ሄሞግሎቢን ከሳንባ አየር ተሸክሞ ለጡንቻና ለአንጎል የሚያደርስ ተሸካሚ ነው፤ የሚሠራውም ከብረት ነው። በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ገደማ ነው፤ ከአንዲት አነስተኛ ምስማር አይበልጥም። ይህች ጥቂት ብረት ስትጎድል ግን ተሸካሚው ያንሳል፤ አንጎልም የሚገባውን አየር አያገኝም። ልጁ ያንቀላፋል፣ ሴትዮዋ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ልቧ ይመታባታል፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ በወሊድ ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈስሳት እንኳ ሕይወቷ ለአደጋ ይጋለጣል። ነገሩ የስንፍና ሳይሆን የአየር ማጣት ነው።

ችግሩ ስደት ያመጣው ብቻ አይደለም። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶ 57ቱ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 24ቱ የደም ማነስ ነበረባቸው። በ2011 ግን ሕፃናቱ 44፣ ሴቶቹ 17 ነበሩ። ቁጥሩ ወደ ታች መሄድ ሲገባው ወደ ላይ ሄደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ 40 ከደረሰ የከበደ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል።

አንዳንዱ «ጤፍ የሚበላ አገር እንዴት ብረት ያንሰዋል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጤፍ ሲለካ ብረቱ ብዙ ሆኖ የሚገኘው በከፊል በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከሚቀላቀለው አፈር የተነሣ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነት ውስጥ እምብዛም አይገባም። በእህልና በጥራጥሬ ገለፈት ውስጥም ፊቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረቱን ጠፍሮ ይዞ ሳይጠቅመን ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ እናቶቻችን ሳይማሩ ያወቁት ነገር አለ። ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፊቴቱ ይቀንሳል፤ የተጠፈረው ብረትም ይፈታል። ስለዚህ በካምፕ በማሽላም ሆነ በበቆሎ ዱቄት እንጀራ የምትጋግሩ፣ ማገዶና ጊዜ ካለ ማቡካቱን አትተዉት። በችኮላ የተጋገረ ቂጣ ሆድ ይሞላል እንጂ ከዚህ በኩል አያግዝም።

ሁለተኛው ነገር ሻይ ነው። ስለ ሻይ ስንናገር ብዙ ሰው እንደሚቀየመን እናውቃለን፤ እኛም ሻይ ወዳጆች ነን። ነገር ግን ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከዚያ ምግብ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ያሳንሳል። ወተት ራሱ ብረት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሌላውም እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ በቦረናና በሶሎሎ በኩል ያለውን ልማድ አስቡት፤ ልጅ ጠዋት ሻይ በወተት፣ ማታ ሻይ በወተት። ሻይ ይቅር አንልም። ከምግብ በፊት ወይም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ ነው የምንለው። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ካገኛችሁ ግን ከምግቡ ጋር ይሁን፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ወደ ደም የሚያስገባ አጋዥ ነው።

ቀይ ለስላሳ መጠጥ ደም ይሆናል የሚባለው ግን ስኳርና ቀለም ብቻ ነው። ሳንቲማችሁን ለሎሚ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በንጥረ ነገር የበለጸገ ምግብ ማለት ሰው በየቀኑ በሚበላው ዱቄት፣ ዘይት ወይም ጨው ውስጥ፣ በሚፈጭበት ወይም በሚታሸግበት ጊዜ የጎደለውን ቫይታሚንና ማዕድን በጥቂቱ መጨመር ነው። በአንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ የሚገባው በሚሊግራም ስለሚለካ በዐይን አይታይም፤ በአፍም እምብዛም አይታወቅም። በዱቄት ውስጥ ብረት፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና ሌሎች የቫይታሚን ቢ ዓይነቶች ይጨመራሉ። በዘይት ውስጥ ቫይታሚን ኤ፣ በጨው ውስጥ አዮዲን። ሐሳቡ የሰውን ምግብ ሳይለውጡ የሰውን ጤና መለወጥ ነው።

ይህን ነገር ፈረንጅ ትናንት ያመጣብን አድርገን የምናየው አለን። እንዲያውም አገራችን ቀድማ ነበር። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ቀላቅሎ ቫይታሚንና ማዕድን ጨምሮ የሕፃናት ምግብ አዘጋጀ። ስሙም ፋፋ ተባለ። ከእኛ መካከል በፋፋ ያላደገ ጥቂት ነው፤ ቢያንስ ጎረቤቱ አድጎበታል። «ልጁ ፋፋ» የምንለው ቃል የምግብ ስም ሆኖ ሲሸጥ የነበረው ለዚህ ነው። ዛሬ በካምፕ ሲ ኤስ ቢ እያልን የምንጠራው የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት የፋፋ ዘመድ ነው።

ታዲያ እውነት ይሠራል ወይ? ከእኛው ዓይነት ኑሮ አንድ ምሳሌ እናንሣ። በዛምቢያ ናንግዌሺ በተባለ ካምፕ የአንጎላ ስደተኞች ነበሩ። በ2003 እና በ2004 ለራሽን የሚሰጣቸው በቆሎ እዚያው ካምፑ ውስጥ በወፍጮ ተፈጭቶ ብረትና ቫይታሚን እየተጨመረበት ታደላቸው። አመጋገባቸውን አልቀየሩም፤ ያንኑ የበቆሎ ገንፎ ነው የበሉት። ቀድሞ ከሕፃናቱ ግማሽ ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ በኋላ ሲለካ ወደ ሩብ ወርዶ ተገኘ። በሴቶቹ ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ይህንንም መደበቅ አይገባም፤ ሴት በየወሩ ደም ስለሚፈስሳትና በእርግዝና ስለሚጨመርባት ዱቄት ብቻውን አይበቃትም።

ንጥረ ነገር ሲጎድል ምን እንደሚሆንም ስደተኞች በአካላቸው አይተዋል። በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቫይታሚን ሲ አጥተው ድዳቸው ሲደማ፣ መገጣጠሚያቸው ሲያብጥ መራመድ አቃታቸው፤ በሽታው ስከርቪ ይባላል። በማላዊ የነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ደግሞ ከራሽናቸው ኦቾሎኒ ሲጠፋ በ1990 ከ18,000 በላይ ሰዎች ቆዳቸው እየተላጠ ፔላግራ በተባለ በሽታ ታመሙ። ሁሉም ራሽን ይቀበሉ ነበር። ጆንያው ሞልቶ ይታያል፤ የጎደለው በውስጡ ነው።

ወደ ልጅቱ ቤት እንመለስ። እናቷ ለታናሽ ወንድሟ በየጊዜው የሚሰጠውን የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት ለማን እንደምታበላው ስንጠይቃት አቀርቅራ ቆየችና እንደምትሸጠው ነገረችን። በገንዘቡ ስኳርና ሻይ ቅጠል ትገዛለች። የራሽኑ ዱቄት ቂጣ ስለሚሆን አይሸጥም፤ ይሄኛው ግን «ሽታው ደስ አይልም፤ የከብት ነው ይላሉ። መኻን ያደርጋልም ይባላል» አለች። አልተቆጣናትም። በእርግጥ በደረቁ ሲሸት የአኩሪ አተር ሽታ አለው፤ በደንብ ካልበሰለም ሆድ ይነፋል። መኻን ያደርጋል የሚለው ግን ሐሰት ነው። እንዲያውም በውስጡ ያለው ፎሊክ አሲድ ለምታረግዝ ሴት የሚያስፈልግ ነው፤ እሱ ሲጎድል ፅንሱ የጀርባ አጥንቱና አንጎሉ ሳይገጥም ሊወለድ ይችላል።

ጥርጣሬን መናቅ አይጠቅምም። በ2009 በካኩማ ካምፕ ሚክስሚ የተባለ፣ በትናንሽ ከረጢት የታሸገ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ከምግብ ጋር እንዲደባለቅ ይታደል ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ወሰደው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ የሚወስደው ሰው እየቀነሰ መጣ። አጥኚዎች ምክንያቱን ሲጠይቁ ሰዎች ምንነቱ በደንብ አልተነገረንም አሉ፤ ወሬ በዛበት፤ የከረጢቱ መልክ ራሱ የኮንዶም መጠቅለያ ይመስላል ተባለ። አሁን ብንስቅበትም ጥፋቱ የስደተኛው ብቻ አልነበረም። ለሰው ልጆቹን የሚያበላውን ነገር ሳያስረዱ ሰጥቶ መሄድ የሚያመጣው ይህን ነው። ይህችን ጽሑፍ የጻፍነውም ስለዚህ ነው፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ አዳዩንም አስጠይቁ።

አሠራሩን እንናገር፤ ብዙው የሚበላሸው ምድጃ ላይ ነውና። የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቁን ለአጥሚት ስታዘጋጁ በክብደት አንድ እጅ ዱቄት ለስድስት እጅ ውኃ ያህል ይሁን። ዱቄቱ እንዳይጓጉል አስቀድማችሁ በጥቂት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ በጥብጡት፤ ከዚያ የቀረውን ውኃ ጨምራችሁ እያማሰላችሁ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ ረጅም እሳት ቫይታሚኑን ያቃጥለዋል፤ ማገዶውም ይባክናል። ለሕፃን ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ ውኃ ውኃ ያለ አጥሚት ትንሿን ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። ያደረውን ለልጅ አትስጡ።

ስለ ጾም የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ተራው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ከእንስሳት የመጣ ነገር ስለሌለበት በጾም ወራት ይበላል፤ በውስጡ ያለው ብረትም ከሥጋ የተወሰደ አይደለም። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው ግን የወተት ዱቄትና ስኳር አለበት፤ እነሱ ግን የሚጾሙ አይደሉም። ለሕፃኑ የተሰጠው ለአባት ቁርስ እንዳይሆን አደራ።

ዘይቱን በሚያሳይ ጠርሙስ አድርጋችሁ ከፀሐይ አታስቀምጡ፤ ብርሃን ቫይታሚን ኤን ይገድለዋል። ደጋግሞ መጥበስም እንዲሁ። ጨው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። አዮዲኑ የሚያስፈልገው ለእንቅርት ብቻ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ሲጎድልባት የሚወለደው ልጅ አእምሮው ይጎዳል። ኬንያ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ከ1978 ጀምራ በሕግ አዝዛለች። በአገራችን የአሰብ ጨው ከቀረ በኋላ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው አብዛኛው አዮዲን ሳይኖረው ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ከቦረና የመጣችሁ የኤል ሶድን ጥቁር ጨው ታውቃላችሁ። ለከብቱ ይሁን፤ ለወጡ ግን የታሸገውን።

ዛሬ በብዙ ካምፕ ከእህል ሌላ ገንዘብ ስለሚሰጥ ምርጫው ከአዳዩ ወደ እናንተ እጅ ገብቷል። ኬንያ በ2012 ባወጣችው ደንብ በፋብሪካ የሚፈጭ የስንዴና የበቆሎ ዱቄት፣ የምግብ ዘይትም፣ በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ ታዟል። ኢትዮጵያም በ2022 ለስንዴ ዱቄትና ለዘይት ተመሳሳይ ግዴታ አጽድቃለች። ስለዚህ የታሸገ ዱቄት ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ከሠፈር ፖሾ ወፍጮ የሚወጣው ዱቄት ምንም አልተጨመረበትም። ዋጋው ስለሚቀንስ የሚገዛውን ሰው አንወቅስም። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ግን ቢያንስ ለእነሱ የታሸገው ይፈለግ። ይህም ካልተቻለ እንደ ድሮው ምጥን ይሠራ፤ ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ባቄላ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ጋር ተቆልቶ ይፈጭ። ብረቱ እንደ በለጸገው ባይሆንም ገላ ይገነባል።

ይህን ሁሉ የምንለው ራሽን ሞልቶ ስለተረፈ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ተብሎ ነው የሚታቀደው፤ በ2025 ግን በገንዘብ እጥረት ምክንያት በካኩማና በዳዳብ ራሽኑ ክፉኛ ተቀንሶ ታይቷል። ምግቡ ሲያንስ የበለጸገውን ሽጦ ያልበለጸገውን መግዛት ከቀድሞው የባሰ ጉዳት አለው። ከጥቂቱ ላይ የሚወጣው ያ የማይታየው ነውና።

ዱቄት የማያድነውም አለ። ሄሞግሎቢኑ በጣም የወረደበት ሰው የብረት ክኒን ያስፈልገዋል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ደም የሚታደሰው ቀስ ብሎ ነው፤ በሳምንት «አልተሻለኝም» ብላችሁ ክኒኑን አትጣሉ። ሰገራን ያጠቁራል፤ አያስደንግጥም። ነፍሰ ጡሮች ከፎሊክ አሲድ ጋር በየቀኑ የሚሰጣቸውን ይዋጡ። የአንጀት ትላትል፣ በተለይ መንጠቆ ትል የሚባለው፣ ደም ይመጣል፤ ወባም ደም ይፈጃል። ስለዚህ የትል መድኃኒቱ፣ ጫማውና አጎበሩ ከዱቄቱ ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው። አፈር መብላት የሚያምራት ነፍሰ ጡር ካለች ሳታፍር ትናገር፤ ብዙ ጊዜ የብረት ማነስ ምልክት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ለስላሳ ድንጋይም ያለውን ብረት ይዞባት ይወጣል እንጂ አይጨምርላትም።

ተማሪያችን ለሦስት ወር ክኒን ወሰደች፤ የትል መድኃኒትም ተሰጣት። እናቷ ድብልቁን ዱቄት መሸጥ ተወች። ለልጁ ከታዘዘው አልቀነሰችበትም፤ በሽያጩ ይገኝ የነበረውን ስኳር ግን ከቤቱ አስቀረች። ራሽኑን ሊጥ ማቡካት ጀመረች፤ ሻዩም ከእራት ተነጥሎ ዘግየት ብሎ ይጠጣ ጀመር። በሁለተኛው ወር ልጅቱ በዕረፍት ሰዓት ገመድ ስትዘል አየናት። ሒሳብ ላይ እንደ ቀድሞዋ እጇን ታነሣ ጀመር። እኛም የሚያንቀላፋ ልጅ ስናይ ከመቆጣታችን በፊት የታችኛውን የዐይን ቆቡን ገልበጥ አድርገን እናያለን።